ፊቱን የማያጨማድደው በሽተኛ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከሥሩ ልጀምር፤ ሥር እንደሆነ ቤታችን ሞልቷል። በጆንያ አለ፣ በቅርጫት አለ፣ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ አለ፣ አልጋዬ ሥር ሳይቀር አለ። ባለፈው ሳምንት የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ያልነበራችሁም አትጨነቁ፣ እኔ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማይሰለቸኝ ሴት ነኝ።

ሱቁ የወንድሜ ነው። ሰፈርተኛው «መራራው» ይለዋል፤ ከሚሸጠው ይሁን ከፀባዩ እንጃ፣ በሁለቱም ቢሆን ያስኬዳል። እሱ ይቀምማል፣ እኔ እወቅጣለሁ፣ ሴት ልጁ ደግሞ ቀድታ ታጠጣለች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ባዳላላት አትፍረዱብኝ። ቆንጆ ናት። በቃ።

ይሄ ቤት አንድ ሕግ አለው። የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ወይም ጉልበት የከዳው ሰው ሲመጣ፣ ከመራራው ሥር አንድ መለኪያ ይቀዳለትና እዚያው ወንድሜ ፊት ቆሞ ይጠጣል። ወንድሜ የሚያየው ታዲያ ፊቱን ነው። የጤነኛ ምላስ መራራን ያውቃል፣ የበሽተኛ አያውቅም ብሎ ያምናል። ከአባታችን የወረሰው ነው፤ ሐኪም ሰምቶ ይሳቅ አይሳቅ እኔ የለሁበትም። ፊቱን ያጨማደደ «ድነሃል! ሂድ ውጣ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ!» ይባላል። ያላጨማደደ «አይዞህ፣ ነገ ተመለስ» ይባላል። ይህን ሕግ ከእኛ ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም። ሰው ቢያውቅማ በፊቱ ይዋሽ ነበር። ለዚህ ብሎ እኔንም ልጅቷንም አስምሎናል።

እንግዲህ አንድ ጎረምሳ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ከማዕዘኑ ላይ ያለውን ትልቁን ኬክ ቤት ታውቁታላችሁ፤ በመስተዋት የተሠራውን፣ አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት የሚያደርጉበትን። የዚያ ቤት እመቤት ልጅ ነው፤ ኬኩንም የሚሠራው ራሱ ነው። እናቱን ሰፈሩ «እትዬ ስኳር» ይላቸዋል። እትዬ ስኳር በእኛ ደጅ ሲያልፉ መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መንገዱን ተሻግረው ነው የሚያልፉት። እኔም ያኔ ሙቀጫውን ጠንከር አድርጌ እመታለሁ።

ልጁ ገባና ተራ ያዘ። ከፊቱ አንድ የቀን ሠራተኛና አንድ ከሲታ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የቀን ሠራተኛው ጠጣና ፊቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆነ። ወንድሜ «ሂድ ውጣ! ሁለተኛ እንዳላይህ!» ብሎ ጮኸበት። ልብስ ሰፊው እንደ ውኃ ጨለጠው። ወንድሜ ትከሻውን አቅፎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ነገ ተመለስ» አለው። ልጁ ሁለቱንም አይቷል። አደራ፣ ይሄን አትርሱብኝ።

ተራው ሲደርስ፣ «ቤት ውስጥ ምግብ አልቀምስ ያለ ሰው አለብኝና ትንሽ ሥር ስጡኝ» አለ።

«አፍ በውክልና አይታከምም» አለ ወንድሜ። «የታመመው ራሱ ይምጣ።»

ልጁ ሊወጣ ዞር ሲል የወንድሜ ልጅ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። ተያዩ። እኔ ዘነዘናውን ወደ ላይ አንስቼ እንዳለሁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ መተያየት በዕድሜዬ አንዴ ደርሶብኛል፣ እሱንም ያገባችው ጎረቤቴ ናት፣ እንተወው።

«የታመምኩት…» አለ ልጁ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ። «የታመምኩት እኔ ነኝ።»

እስቲ በሱ ቦታ ሁናችሁ ፍረዱ። ፊቱን ያጨማደደው ተባረረ፤ ያላጨማደደው ታቅፎ ነገ ና ተባለ። እናንተስ ምን ትደመድማላችሁ? መለኪያውን ከእጇ ተቀበለና አንዴ ጨለጠው። ፊቱ ልስን የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። ከአንድ ዓይኑ ብቻ እንባ ጠብ አለች፤ አቧራ ነው አለ። ወንድሜ «አይዞህ ልጄ፣ ነገ ተመለስ» አለው። ልጁ ይሄን የሰማው እንደ ምርቃት ነው። በደስታ እየዘለለ ወጣ።

ከዚያማ በየቀኑ ሆነ። ወንድሜ ፊቱን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በሥሩ ላይ ሌላ ሥር ይጨምርበታል፣ እሬቱን ያጠነክርለታል። ልጁም በበኩሉ፣ ኋላ እንደሰማነው፣ ማለዳ ማለዳ ኬክ ቤቱ ጓዳ መስተዋት ፊት ቆሞ ስኳር ያልነካው ካካዎ እየላሰ፣ የሎሚ ልጣጭ እያኘከ ፊቱን ሲያሠለጥን ነበር የሚያረፍደው። ወንድሜ የባሰ ነገር አዘዘበት፤ ጣፋጭ እንዳትነካ አለው። ኬክ ሠሪን! ለልጅቷ ብሎ በክሬም ያጌጠች ሚጢጢ ኬክ ባመጣ ቁጥር ወንድሜ «ለአንተ መርዝ ነው» ብሎ ይነጥቀውና ወደ ግድግዳው ዞሮ ራሱ ይበላታል። ጢሙ ላይ የቀረውን ክሬም ግን አያለሁ።

ያቺ ልጅ ግን አልሳቀችም። እሷ የቤቱ ልጅ ናት፤ ሕጉን ከጡት ጋር ነው የጠጣችው። መለኪያውን ስትሰጠው ዓይኗ ከፊቱ አይነቀልም። እንዲያጨማድድ ነው የምትጠብቀው። ቅንድቡ ትንሽ ቢነቃነቅ፣ ከንፈሩ ትንሽ ቢጣመም ብላ። እሱ ደግሞ ዓይኗን ባየ ቁጥር ይብስ ይደርቃል። ከሄደ በኋላ ወንፊቱን ይዛ መጋረጃው ጀርባ ትቀመጥና ታለቅሳለች። የወቀጥኩትን ዱቄት ስንቴ አርጥባብኛለች!

አንድ ቀን ሱቁ ጭር ብሎ ሳለ፣ ልጁ መለኪያውን መለሰላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ታውቂያለሽ? ከአንቺ እጅ ሲሆን አይመረኝም» አላት።

ምስኪን፣ ሲያሽኮረምም ነው። እዚህ ቤት ግን ይሄ የመርዶ ቃል ነው። ማንቆርቆሪያው ከእጇ አመለጠና ወለሉን መራራ በመራራ አደረገው፤ እሷም ፊቷን ሸፍና ሮጠች። ልጁ እግሩ ረጥቦ፣ ጆሮው ቀልቶ ወደኔ ዞረ።

«አበዛሁት እንዴ እትዬ?»

«እንጃልህ» አልኩት። ምላሴን እየበላኝ መሐላዬን ጠበቅኩ።

ማታ ለወንድሜ፣ «ይሄ ልጅ የዱቄት ጆንያ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ እያፏጨ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ የሚሞት ሰው አያፏጭም» አልኩት። «ሻማ ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል» አለኝ። ከሱ ጋር መከራከር ድንጋይ መውቀጥ ነው።

ከዚያ ልጁ «እሑድ እናቴን ይዤ መጥቼ ለጋብቻ ልጠይቅሽ ነው» አላት። እሺ አለችው። ብቻችንን ስንሆን፣

«አንቺ፣ አባትሽ ለሚሞት ሰው ልጁን የሚሰጥ መሰለሽ?» አልኳት።

«አክስቴ፣ ቢከለክለኝም አገባዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «አንድ ወርም ቢሆን ከሱ ጋር ልኑር። እሱን ሳላገባ የምኖረው ረጅም ዕድሜ ምን ያደርግልኛል?»

ሙቀጫው ባዶ መሆኑን ረስቼ ስወቅጥ ቆየሁ። ልቤ እንደዚያ ቀን ተነክቶ አያውቅም።

እሑድ ደረሰ። እትዬ ስኳር ገቡ። መሀረባቸውን ከአፍንጫቸው አንስተው በርጩማው ላይ አነጠፉና በጥንቃቄ ተቀመጡበት፤ በርጩማው የኔ ነው።

«እውነቱን ልናገር» አሉ። «እኔ እዚህ የመጣሁት ካልዳርሽኝ ኬክ አልጋግርም ብሎ ስላስፈራራኝ ነው። እንጂማ ሥር ሥር ከሚሸት ቤት—»

«ልጄን አልሰጥም» አለ ወንድሜ።

የእትዬ ስኳር አፍ ተከፍቶ ቀረ። ደጅ የጠናን መስሏቸው፣ ሊግደረደሩ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት።

«ምን… ምን አሉ?»

«ልጅዎ ጨዋ ነው። እኔም እንደ ልጄ ወድጄዋለሁ። ግን አልሰጥም።»

ልጁ ተነሣ። መቼም ይሄ የጀግንነት ፈተና መስሎታል። ደረቱን ነፍቶ፣ «አባባ፣ ይቅዱልኝና ይዩኝ!» አለ።

ወንድሜ ከመደርደሪያው ጫፍ ጥቁሩን ጠርሙስ አወረደ። ያንን ጠርሙስ ቡሹ ሲከፈት እንኳ ድመቷ ከቤት ትወጣለች። ከማንቆርቆሪያው ጋር ቀላቀለና ቀዳለት። ልጅቷ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣብቃ ፊቱን አየችው፤ ዓይኗ «እባክህ፣ እባክህ» ይላል። እሱ አይዞህ በርታ ያለችው መሰለው። ጨለጠ። መለኪያውን ገለበጠ። ይባስ ብሎም ፈገግ አለና፣

«ይደገም!» አለ።

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አያችሁ? ምንም የቀረው ነገር የለም! ልጄን በዚህ ዕድሜዋ ከል አላለብሳትም!»

«አባዬ፣ ቢሞትም አገባዋለሁ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«ማነው የሚሞተው?» አለ ልጁ።

«አንተ!»

«እኔ? መቼ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የኔ አመለጠ። «አንተ ጅል!» አልኩት። «ፊትህን አጨማድድ! እዚህ ቤት ያጨማደደ ነው ጤነኛ! ያላጨማደደው ነው ሟች!»

ልጁ ወደኔ አየ፣ ወደሷ አየ፣ ወደ መለኪያው አየ። ከዚያ ያ ሁሉ ቀን የታፈነው ነገር ገነፈለ። «ኧረ መራራ ነው! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መራራ ነው! አንጀቴ ተቃጥሎ አለቀ እኮ! ምላሴ የኔ መሆኑን ረስቼዋለሁ!» ብሎ ምላሱን አውጥቶ፣ ዓይኑን አንሸዋርሮ፣ አፍንጫውን ሸብሽቦ ለሁላችንም በየተራ አሳየን። ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ወንድሜ ግን እንባውን ጠረገና እጁን አነሣ። «ሕጉን ካወቅክ በኋላ ፊትህ ምስክር አይሆንም። አሁን የምታሳየኝ እንድድርልህ ነው። እስከ ዛሬ ያየሁትን አምናለሁ።» ወደኔ ደግሞ ዞሮ ያየኝን አስተያየት አልነግራችሁም። በርቶ የነበረው የልጅቷ ፊት ድርግም አለ።

እትዬ ስኳር ይሄኔ ተነሡ። «ጉድ እኮ ነው! የኔን ልጅ፣ ይሄን በሬ የመሰለ ልጅ፣ በሽተኛ? ጤነኛ ሰው እንዴት ፊቱን እንደሚያጨማድድ ማየት ከፈለጋችሁ እኔ ላሳያችሁ! አንቺ፣ ቅጂ!»

ልጅቷ ከዚያው ቀዳችላቸው። እትዬ ስኳር ቅንድባቸውን ቀድመው ቋጥረው፣ ለመጨማደድ ተሰናድተው ተጎነጩ።

ጠበቁ።

እኛም ጠበቅን። የተቋጠረው ቅንድብ ቀስ እያለ ተፈታ። ከንፈራቸውን ላስ አደረጉ። ትንሽ ደገሙ።

«ምኑ ነው የሚመረው?» አሉ። «ውኃ ነው እኮ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የልጁን ፊት አየሁና ዋጥኩት።

«እማዬ፣ አትቀልጂ» አለ።

«እየቀለድኩ አይደለም» አሉ፣ በዚያች ሴትዮ አፍ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ።

ልጁ ውኃ ይሆን ብሎ መለኪያውን ከእናቱ እጅ ነጥቆ የቀረውን ወደ አፉ ወረወረ። ወገኖቼ፣ ያንን ፊት! ከግንባሩ እስከ አገጩ ተኮማተረ፣ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ፣ አንገፍግፎት እስከ እግር ጥፍሩ ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን ፊት እንዳለውም አያውቅም ነበር። ስለ ጋብቻ አላሰበም፣ ስለ ወንድሜ አላሰበም። የእናቱን ሁለት እጆች ይዞ፣

«እማዬ፣ ይሄ እኮ መራራ ነው!» አለ፣ እያለቀሰ። «አባዬ ከሞተ ጀምሮ ነው፣ አይደል?»

እትዬ ስኳር ተመልሰው ተቀመጡ። መሀረቡ ወለል ላይ ወድቆ ነበር፤ አላዩትም።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሩም ጨውም አንድ ነው» አሉ። «ክሬሙን የማውቀው በቀለሙ ነው። ‹እስቲ ቅመስልኝ› የምልህ ለምን ይመስልሃል? የኬክ ቤት እመቤት ምላሷ ሞተ ከሚባል ብዬ… ምግብ አፌ ውስጥ አፈር ነው የሚሆንብኝ፣ ልጄ።»

ልጁ አቅፏቸው ወደ ወንድሜ ቀና አለ። «መጀመሪያ የመጣሁት ለሷ ብዬ ነበር።»

«አፍ በውክልና አይታከምም ብዬ የመለስኩህ እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ። ወደ ልጁ ጠጋ አለና ያንን አሁንም ያልተፈታ ፊት በሁለት እጁ ያዘው። «ይሄኛው ፊት አይዋሽም። ራሱን የረሳ ሰው ፊት ነው። ድነሃል! ሂድ ውጣ! ሁለተኛ እንዳላይህ!»

ልጁ ደነገጠ።

«በሽተኛ ሆነህ ማለቴ ነው» አለ ወንድሜ። «አማች ሆነህ ተመለስ።»

ልጅቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ዘነዘናዬን አቅፌ አለቀስኩ፤ ሌላ የማቅፈው ስላልነበረኝ ነው። ወንድሜ ከዚያ ወደ እትዬ ስኳር ጎንበስ አለና እንዲያ ባለ ለስላሳ ድምፅ «እርስዎ ግን፣ አይዞዎት፣ ነገ ይመለሱ» አላቸው።

«እናቴ ያልቀመሰችውን የሠርግ ኬክ አልቆርጥም» አለ ልጁ። ልጅቷም ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ ሠርጉ እትዬ ስኳር ምላስ ላይ ተንጠለጠለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እትዬ ስኳር በየቀኑ እየመጡ በርጩማዬን ወረሱኝ። ልጅቷ ትቀዳለች፣ እሳቸው ይጠጣሉ፣ እኛ ፊታቸውን እናያለን። ምንም። ነገ ይመለሱ። ምንም። በዚህ መሀል ልጅቷ አጠገባቸው እየተቀመጠች ስለ ባላቸው ትጠይቃቸው ጀመር። ኬክ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያነሣ አልነበረም፤ እንዳይከፋቸው ተብሎ። እሳቸውም ማውራት ጀመሩ፤ እየሳቁ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ። እኔንም ዘነዘና አያያዝ አታውቂም ብለው ይነዘንዙኝ ያዙ። በዚያ ንዝንዝ አንቱታው ተረሳና አንቺ ተባባልን። ልጅቷን ግን እትዬ ስኳር «አንቺ» ከማለት በቀር ምንም ብላ ጠርታት አታውቅም።

አንድ ቀን ልጅቷ ጤና አዳም በወረቀት ስትጠቀልል እትዬ ስኳር እላይዋ ላይ ቆማ፣ «እንዲህ አይደለም፣ ጫፉን አጠፍ አጠፍ አድርጊው፣ የኬክ ካርቶን እንኳ—» እያለች መለኪያዋን አነሣችና ሳታስበው ጨለጠችው።

ንግግሩ ተቋረጠ። መጀመሪያ አንዱ ቅንድብ ተነሣ። ቀጥሎ አፍንጫው ተሸበሸበ። ከዚያ ያ ሁሉ የተከበረ ፊት እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆነ።

«ውይ! ውይ! ምንድነው ያጠጣሽኝ፣ ልጄ? መራራ!»

ራሷ ያለችውን ራሷ ሰማችው። አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ «ልጄ» ከሚለው በኋላ ያለውን የሰማችም አይመስለኝ፤ ወረቀቱን በትና አቀፈቻት። ወንድሜ «ድነዋል፣ ይሂዱ» ሊል አፉን ከፈተና ተንፈቅፍቆ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ደጅ ወጥቼ ወደ ማዕዘኑ «ኬክ!» ብዬ ጮኽኩ። «ኬክ አምጣ፣ አንተ!»

ልጁ ሽርጡን እንዳደረገ፣ ቁራጭ ኬክ በመዳፉ ይዞ እየሮጠ ገባ። እትዬ ስኳር ተቀበለችውና ቆረሰች። ዓይኗን ጨፍና ብዙ አኘከች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ስኳሩ በዝቷል» አለች። «አባትህም እንዲሁ ነበር የሚያበዛው።»

የልጁ እጅ የልጅቷን እጅ ፈልጎ አገኘው። እናቱ ያንን አየች፣ ከንፈሯ ላይ የቀረውን ክሬም በጣቷ ጠርጋ ላሰች።

«ለሠርጉ ግን እንዳትቀንስ» አለችው።